የጋሼ ኃይሉ ምስክርነት

እኛ ራሳችንን ማወደስ አልተማርንም። ስለ ራሷ «ጎበዝ ነኝ» የምትል ሴት ካጋጠመችን፣ ወይ ትቀልዳለች ወይ የሚያሞግሳት ሰው አጥታለች እንላለን። ለንደን ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፍቶ፣ ፈገግ ያለ ፎቶ ለጥፎ፣ «ተግባቢ፣ ቆራጥ፣ ውጤታማ ነኝ» ብሎ ማወጅ አለበት። ይኼ አይበቃም። የሙያ ሰዎች በሚወያዩበት መድረክ አስተያየት መስጠት፣ የማያውቁትን ሰው ለሹመቱ እንኳን ደስ ያለህ ማለት፣ በማኅበር በነፃ ያገለገሉትን መዘርዘር፣ በመጨረሻም «መስክሩልኝ» ብሎ መለመን አለ። እናንተ እንዴት እንደምትችሉት አላውቅም። እኔ «ጥሩ ሐሳብ ነው» የምትል አንዲት አስተያየት አውቶቡስ ውስጥ ስጽፍ ሳጠፋ፣ ቶተንሃም መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ። እሷንም አልለጠፍኳትም።

ያኔ የአካውንቲንግ ዲግሪዬን ይዤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ባተርሲ ያለ አንድ የቤቶች ድርጅት ለተከራዮች ሂሳባቸውን የሚያስረዳ ሰው ሲፈልግ አፕላይ አደረግሁ። ማስታወቂያው «በስብሰባ ፊት በድፍረት የሚናገር» ይላል። እኔ አንዲት አስተያየት መለጠፍ ያቃተኝ!

ምስክር ፍለጋ ኬንቲሽ ታውን ወዳሉት የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ወደ ጋሼ ኃይሉ ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለትልልቆቹ አባላት ከመንግሥት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ እያነበብኩ ስለማስረዳ ያውቁኛል።

«ምን ብዬ ልጻፍልሽ፣ ልጄ?»

«የሚያውቁትን» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። የሠራሁትን በገዛ አፌ መዘርዘር አፈርኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ጋሼ ኃይሉ ለስንቱ ጋብቻ ሽማግሌ ተልከው ልጅ የለመኑ ሰው ናቸው። ያንኑ አነጋገር ይዘው መጥተው ገጼ ላይ በአማርኛ ጻፉት፦ «ከጨዋ ቤተሰብ የተገኘች፣ አንገቷን የደፋች፣ በሰው ፊት ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ዋስ ነኝ።»

ድርጅቱ የፈለገው ሠራተኛ እንጂ ሙሽራ አይደለም! በዚያ ላይ ስልክ የማይተረጉመው ቋንቋ የለም። ማንም ሳያየው ከገጼ ላይ ደበቅሁት።

ሥራውን አገኘሁ። ማኅበሩ በሙሉ «የጋሼ ኃይሉ ምስክርነት አስገባት» አለ። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፣ እኔ መደበቄን አልነገርኳቸውም። ሥራ ፈላጊው ሁሉ ወደ እሳቸው ጎረፈ። እኔ ግን ለዓመታት፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው ባወጡ ቁጥር «አሁን ገጼን ሊከፍቱ ነው» እያልኩ ተሳቀቅሁ።

በቅርቡ ከቀጣሪዎቹ ወገን ተቀመጥኩ። የአንዲት አመልካች ገጽ ስክሪኑ ላይ ሲከፈት ያው የጋሼ ኃይሉ አማርኛ ብቅ አለ፣ አንገት መድፋቱም ሳይቀር። አለቃዬ ወደ እኔ ዞራ «ምን ይላል?» አለች። አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩ። «ዋስ» ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ልጅቷ ብታጠፋ እሳቸው ይጠየቁባታል ማለት ነው» አልኳት።

የሌሎቹን አመልካቾች ምስክርነት መለስ ብላ አየችው። «እነዚህ ሁሉ ያወድሳሉ፤ እጠየቃለሁ የሚል ግን አንድም የለም» አለች። ልጅቷ ለኢንተርቪው ተጠራች።

ቅዳሜ ጋሼ ኃይሉ ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ያኔ የጻፉልኝን… ደብቄው ነበር።»

ሻያቸውን ማማሰል አላቆሙም። «አውቃለሁ። የዚያኑ ዕለት ለባለቤቴ ላሳያት ብከፍተው የለም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? አፍራ ደበቀችው አልኩ። አንገቷን የደፋች ናት ብዬ መመስከሬ ልክ ነበር።»

ምስክርነቱን ወደ ገጼ ልመልሰው ወስኛለሁ። ይኸው ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የመመለሻውን ቁልፍ ግን እስካሁን አልተጫንኩትም።