«አላውቅም» የሚሉት ጋሽ ወልዴ

የኢንተርኔት ገጽ አልከፈት ሲላችሁ ስልኩን ወደ ላይ ታነሣላችሁ? እኔ አነሣ ነበር። ዕድሜ ልኬን ማስረጃ ካላየሁ አላምንም እያልኩ ዜና ሠርቼ፣ ቦንጋ መሀል አስፋልት ላይ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስቆም የባጃጅ ሾፌሮች ምን እንደሚሉኝ እናንተው ገምቱ።

ያስተወኝ ብሩክ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የሚሠራው ስሙን በማልጠራው የቦንጋ መሥሪያ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ማሽን የሚገናኘው በቁጥር ነው» አለኝ። «እርስዎ የገጹን ስም ሲጽፉ ቁጥሩን የሚያፈላልግልዎ ሌላ ማሽን አለ። እሱም ካላወቀ ከሁሉም በላይ ያሉትን፣ ሥር ሰርቨር የሚባሉትን ማሽኖች ይጠይቃል።»

«እነሱ ያውቁታል?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

ስሙ በነጥብ ኢቲ ካለቀ «የነጥብ ኢቲ መዝገብ እነ እገሌ ጋ ነው፣ እዚያ ሂድ» ይሉታል አለኝ። እነ እገሌ ደግሞ የገጹን ዝርዝር ወደያዘው ይልኩታል። ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ነው።

የዓለም ኢንተርኔት አናት ላይ የተቀመጠው «አላውቅም» ባይ ነው ማለት ነው? ሳቅሁ። ብሩክ ግን በመስኮቱ ወደ ግቢው በር ጠቆመኝ። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ወልዴ ቆመዋል።

ከደካ የመጣ ሰው ስለ መሬት ቢጠይቃቸው፣ «እኔ አላውቅም። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ቤት ሂድ።» ከቢታ ገነት የመጡ እናት ስለ ጡረታ ቢጠይቋቸው፣ «እኔ አላውቅም እቴ። ፎቁ ላይ ውጪ።» በአማርኛም በካፊኖኖም መልሳቸው ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን ግምገማ ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ዘንድሮ የስንት ባለጉዳይ ጥያቄ መለሱ?» አላቸው።

«የማንንም።»

ሰውየው መዋሸት አያውቁበትም። ጓሮ ያለውን መጋዘን እንዲጠብቁ ተዛወሩ። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ጠቁሯል። «ሃያ ዓመት ሰው ሳናግር ኖሬ አሁን ከአሮጌ ወንበር ጋር ላውራ?» አሉኝ።

በሩ ላይ የተተካ ሰው የለም። የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ኃላፊው «አዩ አይደል?» አለኝ። አላየሁም። የማየው ባለጉዳዮቹ ጋሽ ወልዴ ድሮ የነገሯቸውን እያስታወሱ ሲገቡ ነው። ማሽኖቹም እንዲሁ ናቸው አለኝ ብሩክ፤ የተነገራቸውን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛሉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢሮዎቹ ክፍል ተቀያየሩ። አለቀ! ጡረታ ፈላጊው መሬት ቢሮ ተሰልፎ ዋለ። መሬት ፈላጊው ሽንት ቤት አንኳኳ። የቢታ ገነቷ እናት ኃላፊው ዘንድ ገብተው ስለ ጡረታቸው ጠየቁት። «እኔ አላውቅም» አላቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ግን አልነገራቸውም።

ጋሽ ወልዴ በማግስቱ ተመለሱ። ያውም በሹመት! ጠረጴዛ ተሰጣቸው፣ «መረጃ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈላቸው፣ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ እስከ መጨረሻው ተከታትለው መልሱን ራሳቸው እንዲሰጡ ታዘዙ። አንዱን ባለጉዳይ አስቀምጠው ፋይሉን ፍለጋ ይገባሉ፣ ሌላው ይጠብቃል። እስከ ምሳ ሰዓት ሰልፉ ባጃጅ መቆሚያው ደረሰ። «ሥር ሰርቨር እንዲህ ቢያደርግ ኢንተርኔት አልነበረም» አለ ብሩክ።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛውን ተሸክመው መጋዘን አስገቡትና በሩ ላይ ቆሙ። ሰልፉ ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ አለቀ። ኃላፊው በመስኮት አየ፤ መጋረጃውን ዘጋ።

እኔ ግን ጋዜጠኛ ነኝ፣ ሳላጣራ አልሄድም። «ጋሽ ወልዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሃያ ዓመት እዚህ ቆመው የጡረታ ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ ጠፍቶዎት ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሰው ሀብት ጠይቅ፣ ሦስተኛው በር ነው።»

ሄድኩ። የሰው ሀብቷ ሠራተኛ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «ይሄንንስ በሩ ላይ ጋሽ ወልዴን ይጠይቁ» አለችኝ።