ብስክሌት እንደ ፈረስ ትቆጠር የተባለበት የቆሰበር ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቦታ፦ ቆሰበር፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የእድራችን ድንኳን ማስቀመጫ ቤት
የተገኙ፦ ሊቀመንበር አቶ ወገኔ (ፈረሰኛ፣ ፈረሳቸው በር ላይ ታስሯል)፣ ይሄነው (የከሰል መኪና ሾፌር)፣ ሶስና (ዳቦ በብስክሌት የምታዞር)፣ ፀሐፊ ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ማለትም እኔ፣ የሶስና አያት። ዝምድና ብዕሬን አያዘነብለውም። የባጃጆች ተወካይ እንየው ደጅ ባጃጁ ውስጥ ተኝቷል። እግሩ ወጥቶ ስለሚታይ እንደተገኘ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ 1፦ ማን ከአስፋልቱ ይውረድ?

ይሄነው ባለፈው ሳምንት ሶስናን ቦይ የከተታት መኪናው ሳይሆን የመኪናው ንፋስ መሆኑን አስረዳ። ንፋስ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም አለ። ስለዚህ ብስክሌት የተባለ ሁሉ ከአስፋልት ይውረድ ሲል ሀሳብ አቀረበ።

ሶስና ጠጠሩ ላይ ከወረደች ዳቦው እንደሚበተን፣ ዳቦ ቤቱም በሷ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ተናገረች። "እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስታልፈኝ ቀስ በል፣ ራቅ በል። በቃ።" ሊቀመንበሩ ሀሳቡ ጥሩ ቢሆንም በጣም አጭር ስለሆነ ስብሰባ አይሞላም ብለው አለፉት።

ሶስና ቦይ የገባች ቀን የተበተነውን ዳቦ ማን በላው ተባለ። የሊቀመንበሩ ፈረስ መሆኑ ታወቀ። ሊቀመንበሩ ይሄ አጀንዳ ውስጥ የለም አሉ።

ይሄነው "እማማ ሰርክአዲስ፣ የንፋሱን ነገር ባይጽፉት?" አለኝ። ተጽፏል አልኩት።

አጀንዳ 2፦ የፈረስ ነገር

ሊቀመንበሩ "ለኔ ፈረስ ግን ለምን ትቆማለህ?" ብለው ይሄነውን ጠየቁት። እሱም "ፈረስማ ፈረስ ነው! ግላሱን፣ ያን ጌጠኛ የጀርባ ልብሱን፣ ለብሶ እየተንቆጠቆጠ ሲመጣ እንዴት ብዬ አልፈዋለሁ? አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይረግመኛል" አለ። "የኔ ልጅስ?" አልኩ። ፀሐፊ አስተያየት አትሰጥም ተባልኩ። አስተያየት አይደለም፣ ጥያቄ ነው ብያለሁ።

ከረጅም ክርክር በኋላ ተወሰነ፦ ብስክሌት ከዛሬ ጀምሮ እንደ ፈረስ ትቆጠር። ግላስ ትልበስ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ዘርፍ ይንጠልጠል፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ነጂዋ ይውረድ። ይሄነው ድርቆሽስ ይቀርብላታል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በአብላጫ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

ሶስና "አባባ ወገኔ፣ ጨርቁ እኮ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል" አለች። ሊቀመንበሩ በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት በፈረሰኞች በዓል ስንቱን ፈረስ የጋለበ ሰው ብረት አያስፈራውም ብለው ሙከራ አዘዙ።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ሊቀመንበሩ ለጥር ሃያ ሦስት የተሰናዳውን ግላስ ከፈረሳቸው አውርደው ብስክሌቷን አለበሷት። ፈረሱ ራቁቱን ቆሞ ያይ ነበር። ጋቢያቸውን አጣፍተው ራሳቸው ወጡባትና አስፋልቱ ላይ "ይኸው! እስቲ ማን ያልፈኛል?" አሉ።

ከዳንግላ የመጣ ድንች የጫነ መኪና አለፋቸው። አልነካቸውም። ንፋሱ ጋቢውን ገለበው፣ ግላሱ ሰንሰለት ውስጥ ገባ፣ ሊቀመንበሩ ቦይ ውስጥ ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ እዚያው ቦይ ውስጥ ሆነው የሚከተለውን ገለጹ፦ "አንተ ይሄነው! ንፋስ ነው ብለህ ያቀለልከው ይሄን ነው?"

ይሄነው ቦዩ ውስጥ ወርዶ በሁለት እጁ ደግፎ አወጣቸው። ሶስና የወደቀች ቀን ግን መኪናውን እንኳ አላቆመም ነበር፤ ይሄም ይመዝገብ። አንገቱን ደፍቶ "ይጻፉት፣ እማማ" አለኝ።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ብስክሌት ብስክሌት ናት፣ ፈረስም ፈረስ ነው። ግላሱ፣ የተረፈው ማለቴ ነው፣ ለፈረሱ ይመለስ። አጭር ነው ተብሎ የታለፈው የሶስና ቃል ብቻ ይጽና። በዚህ መሀል እንየው ነቅቶ፣ ምን እንደተባለ ሳይጠይቅ "እደግፋለሁ" ስላለ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ዳቦው ሊደርቅ ስለሆነ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ሶስና ቅርጫቷን አስራ ወጣች። ይሄነው የከሰል መኪናውን አስነስቶ ተከተላት። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ እሱ ግን እስከ ግምጃ ቤት ከተማ መገንጠያ ድረስ አላለፋትም። ሊቀመንበሩ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግራቸው ሄዱ፣ ከቦዩ ማዶ።