የፍስክ ውሃ

ናዝሬት ያደገ ሰው ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ይገጥማል። ኮስታራዎች ስለሆንን እንዳይመስላችሁ። የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ በልጅነቱ እሱን ሲጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ሄጄ አንዴ ከሳቅኩ "የናዝሬት ልጅ ነህ እንዴ?" ይሉኛል። መታወቂያ ማውጣት እንኳ አያስፈልገኝም።

የሠርግ ፎቶዬን ብታዩት ለቅሶ ቤት የተነሳሁት ይመስላችኋል። ባለቤቴም የዚሁ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ናት፣ እሷም ጎኔ ቆማ ገጥማለች። ልጃችን ሜሮን ስትወለድ ታዲያ ሁለታችንም የተመኘነው አንድ ነገር ነው። ይቺ እንኳ አፏን ከፍታ ትሳቅ።

ምኞት ብቻም አልነበረም። እንጀራዬ ሆኖ የምሠራው ከባቱ ወዲያ ባለች፣ የጉድጓድ ውሃዋ እንደ ናዝሬቱ በሆነ ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ስለሆነ ልተወው፤ ሲያጥር፣ ተመራማሪዎች የደረሱበትን ነገር ወደ ሰው ጓዳ ማስገባት ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል።

አንድ ቀን የምሥራች መጣ። ውሃውን በተቃጠለ የአጥንት ከሰል ውስጥ ካሳለፋችሁት ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል ተባለ። መብራት አይፈልግ፣ ውድ አይደል፣ አጥንት ደግሞ ከልኳንዳ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ተጠንቶ፣ ተለክቶ፣ በማስረጃ የተደገፈ ነው። ለየቤቱ ከሰል የተሞላ ባለቧንቧ ባልዲ ታደለ፣ እኔም የራሴን ተሸክሜ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሜሮን ያኔ ጡት መጣሏ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ እሱ ነው፤ ቋሚው ጥርስ የሚሠራው በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ነውና። አንዴ ቡናማ ሆኖ ከበቀለ በኋላ ማጣሪያ ምንም አያደርግለትም።

ጣጣው የመጣው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ በላይነሽ ባልዲውን ዞር ዞር ብለው አዩትና ከሰሉ የምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የአጥንት ነው አልኳቸው። የምን አጥንት? የበሬ።

"ታዲያ ይሄ ውሃ ፍስክ ነዋ" አሉ።

እኔ ለሌላ ጥያቄ ነበር የተዘጋጀሁት። ሥጋው የለ፣ ስቡ የለ፣ መቅኔው የለ፣ ሁሉም ነዶ ያለቀ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ቅልጥም ሲያር ጎመን ይሆናል?" አሉኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ሳያልቅ ባልዲው በየክርስቲያኑ ቤት ታጥቦ፣ ከሥጋ ቢላውና ከዶሮ ድስቱ ጋር ተቀመጠ። እንግዲህ ሙስሊሞቹ አሉልኝ ብዬ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ሁዳዴ የለባቸው። "አካም ጅርታ፣ ግባ" ብለው አስቀመጡኝ፣ በትዕግሥት ሰሙኝ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"በሬውን ያረደው ማነው?"

ማን እንዳረደው በምን አውቃለሁ? አጥንቱ የተለቀመው መስቀል ከተሳለበትም ጨረቃ ከተሳለበትም ልኳንዳ ነው። ሁለቱን ልኳንዳዎች የቀላቀለ ዕቃ በከተማችን ቢኖር ያ ባልዲ ብቻ ነው፣ እሱንም ሁለቱም ወገን አልጠጣ አለው።

ለበላይ አሳወቅን። መልሱ ቶሎ መጣ፦ የግንዛቤ እጥረት ነው፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጅ። ተዘጋጀ። ሰዉ ለስላሳውንም ግንዛቤውንም ጨበጠ፣ ቤቱ ሲገባ የጉድጓዱን ውሃ ቀድቶ ጠጣ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። ባልዲው ፍሎራይድ እንደሚያስቀር ስንቱ ሰው ለክቷል፤ በሁዳዴ ይጠጣል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም።

ንዴቱ የባሰብኝ ቤቴ ስገባ ነው። ባልዲው ጓዳ ተቀምጧል፣ ሜሮን የጉድጓዱን ውሃ በኩባያ ግጥም ታደርጋለች። ኩባያው ከአፏ በተነሳ ቁጥር የሠርግ ፎቶዬ ይታየኛል።

በዚህ ላይ ነው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አማቴ ለሜሮን እንቁላል ሲልጡላት ያየሁት። ለነገር ፍለጋ ያህል፣ ጾም አይደል እንዴ እማማ፣ አልኩ።

"ለእኔ ነዋ። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን ጾም አለባት?"

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። እና ውሃውስ፣ አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ትጠጣዋ። ፍስክ ነው አልኩ እንጂ መርዝ ነው አልኩ? አንተ ነህ እኔን ካላጠጣሁ ብለህ የተጣላኸኝ። እኔ የቀሩኝ ሦስት ጥርሶች ናቸው።"

ለካስ ባልዲው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው እነዚያው ጾም የማይነካቸው ናቸው። በማግስቱ ወሬውን ያዞሩት አማቴ ናቸው፣ ያለ ለስላሳ። የፍስክ ውሃ ለልጆች ነው ተባለ፤ ባልዲውም ከወተቱ ጎን ቦታ አገኘ። ለሐጂ ቤት ደግሞ ጨረቃ ካለበት ልኳንዳ ብቻ አጥንት ተለቅሞ ከሰሉ ተቀየረ፣ ባልዲው ላይም ጨረቃ ሳልኩበት። ለፋሲካ አማቴ ራሳቸው ከዶሮው ጋር አንድ ብርጭቆ አስቀዱና ጾማቸውን ገደፉበት። በሪፖርቱ ላይ ግን ውጤቱ የተገኘው በግንዛቤ ማስጨበጫው ነው ተብሎ ተጽፏል።

ከዓመታት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ ሜሮን ቋሚ የፊት ጥርሶቿን አበቀለች። ነጭ ናቸው። አየኋቸውና አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ያን ዕለት ሁላችንንም ይዤ ናዝሬት ፎቶ ቤት ወረድኩ። እኔና ባለቤቴ እንደልማዳችን ገጠምን፣ አማቴ በሦስቱም ሳቁ፣ ሜሮን ድዷ እስኪታይ ፈገግ አለች።

ፎቶ አንሺው የሜሮንን ጥርስ አይቶ ካሜራውን ዝቅ አደረገና፣ የጎረቤት ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ለቤተሰብ ፎቶው ትንሽ ዞር ትበል፣ አለን።