«እኔን» ያልተባለበት ቁስል

የእኛ አገር ሰው ሕፃን ሲታመም ዝም ማለት አይሆንለትም። አንዱ «እኔን!» ይላል፤ ሌላው «እኔን ያስቀድመኝ!» ይላል፤ የሦስተኛዋ እንባ ከቁስለኛው እንባ ይቀድማል። ልጁስ ምን ያድርግ? ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ ነገሩ የከፋ ነው ብሎ ያለቅሳል። ይህን ልማድ ለዓመታት ስነቅፍ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የስድስት ዓመቷ የልጄ ልጅ ምሕረት ቀኝ እጇ ላይ የፈላ ውኃ ተደፋባት። ነርሷ፣ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፣ ቁስሉ በየሁለት ቀኑ ካልታጠበና ጣቶቿ ካልተዘረጉ ተጣብቀው ሊቀሩ እንደሚችሉ በግልጽ ነገረችን። ምሕረት ግን እጇን ብብቷ ሥር ቀብራ አላስነካም አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን ማን ያስረዳል?

ሕክምና ቤቱ አንድ መነጽር መጥቶለት ነበር። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል። ልጅ ሲያጠልቀው ክፍሉ ይጠፋና ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ዓሣ ሲከተል ሕመሙን ይዘነጋል። ስለ ነገሩ ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ያነበበ ሰው ደግሞ ሕግ ማውጣት ይወዳል። እናቷ አራስ ስለነበረች ልጅቱን ያመጣናት እኔና ከይፋግ በሚኒባስ የደረሱት ታላቅ እኅቴ ጥሩነሽ ነን። በሩ ላይ አቆምኋቸውና «እኔን» የሚል ድምፅ እንዳይሰማ፣ ካልቻሉም ውጭ እንዲቀመጡ አስጠነቀቅኋቸው። እኅቴ ትንሽ አዩኝና ያነበብሁት መጽሐፍ ልጅ አሳድጎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡ።

ምሕረት መነጽሩን አጠለቀች። ቢጫ ዓሣ አየሁ አለች፤ ሌላም ጨመረች። እጇ ቀስ ብሎ ከብብቷ ወጣ። ሲስተር ፋሻውን በውኃ እያራሰች ትፈታ ጀመር። ክፍሉ ጸጥ አለ። በሕጌ ኮራሁ።

የመጨረሻው ፋሻ ሊነሣ ሲል ልጅቱ እጇን መንጭቃ ጮኸች። ሲስተር በጣም አመመሽ ወይ ብትላት፣ አይደለም አለች።

«አባባ፣ የት ሄዳችሁ?»

«እዚሁ ነን።»

«ታዲያ ለምን ‹እኔን› አትሉም?»

ለካ ልጅ በዚያ ቃል የሚለካው የነገሩን ክፋት ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ስንት ሰው እንዳለም ይቆጥርበታል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ባሕር ለብቻዋ ሰጥቻት ነበር። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድ» የሚለው ተረት የሚነካው ጨካኙን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ብሎ የቆመውንም ሳይነካ አይቀርም።

ሲስተር ወደ እኅቴ ዞራ «ይበሉ እንጂ እናቴ» አለች። እኅቴ ግን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ እኔ ተመለከቱ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ስለዚህ ራሴ ጀመርሁ፣ «እኔን፣ ምሕረትዬ።» እኅቴ ተቀበሉኝ። ልጅቱ ወደ ዓሣዎቿ ተመለሰች፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተዘረጉ። አላመማትም አልልም፤ አልቅሳለች። እጇን ግን አልነጠቀችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ስንመለስ መብራት ጠፍቶ መነጽሩ ቻርጅ አልነበረውም። እኅቴም ወደ ይፋግ ወርደዋል። እንግዲህ ተምሬአለሁና፣ ሲስተር እንዳትጨነቅ፣ ማለት ያለብኝን እኔው እንደምል አረጋገጥሁላት። ምሕረት ከአልጋው ላይ ሆና ስታደምጠን ቆየችና ወደ ሲስተር ጠጋ አለች።

«ለእማማ ጥሩነሽ ይደወልላቸው። አባባ ገና አልቻሉበትም።»