በእትዬ ዘነበች ስም

በር የሚቆለፈው ሌባ እንዳይገባ ነው ይባላል። ባደግኩበት የኮልፌ ግቢ ግን ቁልፉ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ድንጋዩን ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ ከመጣ የተሰጣውን ልብስ ማን ያስገባ ታዲያ? ዛሬ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ገብቼ ሦስት ቁልፍ ተሸክሜ እዞራለሁ፤ ያ ድንጋይ ይናፍቀኛል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ድንጋዩን አያውቁትም።

አየር ጤና የሚገኝ የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ውስጥ የሲስተም አስተዳዳሪ ነኝ። ማዕረጉ አያስደንግጣችሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ የቆመ ኮምፒዩተር አጥፍቶ ማብራት ነው። በቅርቡ ግን ዕቃ የምናስገባበትና የምናወጣበት ፕሮግራም ትልቅ አፕዴት ሊደረግለት ሆነ፤ ቀኑም እሁድ ተባለ። የመረጃውን ቅጂ ማስቀመጥ፣ አዲሱን በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ ሥራ የለቀቁ ሰዎችን ስም መሰረዝ የኔ ድርሻ ነው። ሦስቱን በጊዜ ጨረስኩ። አራተኛው ላይ ተያዝኩ።

እትዬ ዘነበች የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። መዝገቡ እንደሚለው ግን ትናንት አራት ሰዓት ላይ መጋዘን ውስጥ ፍሪሲዮን፣ በዚያችው ደቂቃ መሸጫው ጋ ፍሬን ሸራ አውጥተዋል። የዓመት ፈቃድም ወጥተው አያውቁም።

ሌብነት እንዳይመስላችሁ። አዲስ ሠራተኛ የራሱን የይለፍ ቃል የሚያገኘው ዋናው ቢሮ ሲፈቅድ ነው፤ ዋናው ቢሮ ደግሞ አይቸኩልም። እስከዚያ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ እትዬ ዘነበች «በእኔ ግባ፣ ልጄ» ይሉት ነበር። ኋላ ፈቃዱ ቢመጣም ማን ያስታውሰዋል? ጡረታ ሲወጡም ሥራ እንዳይቆም ብለው የይለፍ ቃላቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ስክሪኑ ጎን ለጥፈውልን ሄዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሎሚዋ አንድ ነበረች፣ አሥራ አንድ ሆነን ያዝናት።

እኔም በሳቸው ነው የገባሁት። ያኔ ገና የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቴ የጭነት መኪና ዕቃ ላዘዘ ጋራዥ የሚኒባስ ዕቃ ጭኜ ላክኩ። ጥፋቱ የተመዘገበው በሳቸው ስም ነውና ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ጮኸባቸው። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ዐይኔ ደክሞ ነው» አሉ። ወደኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ሰርዝ የተባልኩት። ሳላስፈቅድ እጄ እሺ አላለኝም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቀራንዮ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስሠራ ነበር በለኛ!» ብለው ሳቁ። «ለካ ወገቤን የሚያመኝ በከንቱ አይደለም።»

«አዲሱ ጥብቅ ነው፣ እትዬ። ሁሉም በየራሱ ነው የሚገባው።»

ሳቃቸው ቀነሰ። «እኔን ሰርዘኝ፣ ግድ የለም። አዲስ የመጣ ሰው ግን በማን ይገባል?»

እሁድ ሰረዝኳቸው። ካርቶኗንም ላጥኳት፤ መጣሉ ግን አልሆነልኝም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። አፕዴቱ ያለ እንከን አለቀ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም እንዳይሰጥ እያንዳንዱን አስፈረምኩ። መጀመሪያ የፈረምኩትም እኔው ነኝ።

ማክሰኞ ሰዓዳ የምትባል አዲስ ሠራተኛ መጣች። ፈቃዷ ገና ዋናው ቢሮ ነው። ደንበኛ ተሰልፏል፣ እሷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ግራ ቀኝ አየሁና «በእኔ ግቢ» አልኳት።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት እያውለበለበ መጣ። ፍሬን ሸራ ላዘዘ ጋራዥ የዝናብ መጥረጊያ ተጭኖ ሄዷል፤ የላከው ደግሞ፣ መዝገቡ እንደሚለው፣ እኔ ነኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ የሰዓዳ ትንፋሽ ይሰማኛል። ዞር ብዬ አላየኋትም።

መነጽር የለኝም። ዐይኔም ደህና ነው።

«ዐይኔ ደክሞ ነው» አልኩት።