ክቡር ሚዛን እግራቸውን አያወርዱም

ከመንደራችን እስከ ወንዙ ድልድይ ያለው ኮረኮንች አስፋልት የለበሰው ዝናቡ ባበቃበት ሰሞን ነበር። መንገዱ ገና ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል፣ ግራና ቀኙ ለምለም ሣር ነው፣ መኪና በቀን ሁለቴ ካለፈ ብዙ ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ መንገዱን እንደ ጎረቤት አየው ነበር። ሰው ያመጣልኛል ብዬ። አላሳፈረኝም፣ አመጣልኝ። ያመጣልኝ ግን ክቡር ሚዛንን ነው።

አስፋልት በገባበት መንደር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ጡረታ ይወጣል፣ ሳይክል ይገዛል፣ ከዚያ በኋላ መንገድ የተሠራው ለእሱ ብቻ ይመስለዋል። ቆዳው ላይ የተሰፋ የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ ቦርጩን መሪው ላይ አስተኝቶ ሲያልፍ ላሞች እንኳ ሣር መጋጣቸውን ትተው ያዩታል።

የእኛው አርባ ዓመት ሙሉ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሐሰተኛ ሚዛን የያዘ ነጋዴ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ ውሃ ይሆን ነበር አሉ። ስለዚህ ሳይክሉ የመጣላቸው ቀን መጀመሪያ የወሰዱት ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ነው።

«ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ!» ብለው አወጁ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው።

ባለወፍጮው ነገረኛ ነው። «እንግዲህ ክቡርነትዎም ይውጡበትና ድምሩን እንወቀው» አላቸው።

ቦርጫቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ «የሚመዘን ዕቃ ነው፤ ሰው አይመዘንም» አሉ። ክቡር ሚዛን የሚለው ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ ተለጠፈባቸው፤ እሳቸውም ሹመት መስሏቸው ዝም አሉ።

ሳይክሉን ለማቅለል ያልነቀሉት ነገር የለም። ደወሉን ነቀሉ። የጭቃ መከላከያውን ፈቱ፤ ካፊያ በጣለ ቁጥር ጀርባቸው ላይ አንድ መስመር ጭቃ ይዘው ይመለሳሉ። የቤታቸውን ቁልፍ ሳይቀር «ሰማንያ ግራም ነው» ብለው ውስጥ ጥለው መውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን በሩ ተቆለፈባቸውና በመስኮት ልግባ ሲሉ፣ ያ ያልተመዘነው ቦርጭ ተቀርቅሮ ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣቸው። ከተማ ሊወርዱ ሲሉ «እባክዎ አንድ መርፌ ያምጡልኝ» ብላቸው፣ አገጫቸውን ይዘው አሰብ አደረጉና፣ «ባዶውን ነው ወይስ ከነክሩ?» አሉኝ። ከነክሩ አልኳቸው። ባዶውን አመጡ።

ስለ ንፋሱማ ምን ልበል። ዘግይተው ከመጡ፣ ካለከለኩ፣ ሠርግ ቀርተው ከሆነ፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር።» የሒሳብ አስተማሪው አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ «ሲሄዱም ፊት ለፊት፣ ሲመለሱም ፊት ለፊት? እንዴት ነው ነገሩ?» ቢላቸው፣ «ንፋስ እንደ ዘመድ ነው፤ ስትዞር ይዞርብሃል» አሉት። ዳገቱ ላይ የአህያ ጋሪ ቀድሟቸው ሄዶ መንደሩ ሲስቅባቸውም፣ «ቀድሞኝ አይደለም፤ ንፋሱን እንዲከልልኝ አስቀድሜው ነው» አሉ፣ ከጋሪው የተራገፈውን ጭድ ከጢማቸው እየለቀሙ።

ከሁሉ የባሰው ግን ጫማው ነው። ከፔዳሉ ጋር ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ጫማ ነበራቸው። ለመውረድ ተረከዝ ወደ ውጭ መጠምዘዝ አለበት፤ እሱን ሲለማመዱ ሁለቴ ወደቁ። ከዚያ መውረድን እርግፍ አድርገው ተዉና ደንብ አወጡለት፦ ከበራቸው ወጥተው በራቸው እስኪመለሱ እግራቸው መሬት አይነካም። አራት ዓመት አልነካም ብለው ይፎክሩ ነበር። ፍርሃቱን ጀግንነት አድርጎ የሚያወራ ስንት ወንድ አውቃለሁ፤ እንደ እሳቸው ግን በየቀኑ በሬ ላይ እያመጣ ያሳየኝ የለም።

ታዲያ ወሬ እንዴት ይወራል? በዙር ነዋ። ከበሬ ፊት ለፊት የውሃ ቦኖ አለ። እሱን እየዞሩ በእኔ በኩል ሲያልፉ ይናገራሉ፣ በወዲያ በኩል ሲሆኑ እጠብቃለሁ።

«እትዬ፣ ሰምተዋል? ባለወፍጮው ትናንት ሆስፒታል…» ይሉና ይዞራሉ።

እኔ ደረቴን እደቃለሁ። ምን አገኘው? ልቡ ይሆን? ደግሞ ይመጣሉ።

«…የምትሠራ ልጁን ሊጠይቅ ሄደ።»

እንዲህ ነበር የምንጨዋወተው። «ኧረ ክቡርነትዎ፣ ወረድ ብለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጡ» እላለሁ። «እግሬን ካወረድኩ አራት ዓመቱ አፈር በላ ማለት ነው እትዬ!» ይላሉ። ሁለት ብርጭቆ አቀርባለሁ፣ ሁለቱንም እኔው እጠጣለሁ።

አንድ ጠዋት ግን ድምፃቸው ለየት ብሎ መጡ። ስለ ንፋስ የለ፣ ስለ ግራም የለ።

«እትዬ፣ ሳስበው ሳስበው፣ እርስዎም ብቻዎን፣ እኔም ብቻዬን…» አሉና ዞሩ።

ከበርጩማዬ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ እንጃ። ሻሼን አስተካከልኩ። የወተት መኪናው በዚያች ደቂቃ ክላክሱን እያጮኸ መጥቶ ቦኖው ጥግ አይቆም መሰላችሁ? ዙሩ ተዘጋና ክቡር ሚዛን ከነቀሪው ነገራቸው ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረዱ። በማግስቱ ሲመጡ ስለ ሳይክሉ ካቴና ቅባት አወሩኝ። እኔም ኩሩ ነኝ፤ አልጠየቅኩም። ሰው ግማሽ ነገር ጆሮው ውስጥ ይዞ ስንት ቀን ያድራል? እኔ ሰባት ወር አደርኩ። ጎረቤቴ ዳቦ ሻጯ የሚመጡበትን ሰዓት ሳይቀር ታውቅ ነበር፤ «ዛሬም አልወረዱም?» ትለኛለች። «ይውጣላቸው» እላለሁ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ እያጠብኩ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ልብስ አጥቤ የሳሙና ውሃ ስደፋ ጓሮ ሲሚንቶው ላይ አንሸራተተኝ። ዳሌዬ ቋ ሲል ሰማሁት። ብጣራ ድምፄ ከአጥሩ አያልፍም። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ስትወርድ እያየሁ፣ ማን ያገኘኛል እያልኩ ተኛሁ። ሰው እንዲህ ነው የሚሞተው አልኩ፤ በሳሙና ውሃ።

በሬ ላይ የሆነውን ዳቦ ሻጯ ነች የነገረችኝ። ክቡር ሚዛን መጥተው በርጩማው ባዶ ሆኖ አገኙት። ዞሩ። «እትዬ!» አሉ። ዞሩ። «እትዬ!» አስራ አንድ ዙር ቆጥራላቸዋለች። በአስራ ሁለተኛው ፍሬን ያዙ፤ ተረከዝ መጠምዘዙን ረስተው ከነሳይክሉ እንደ ጆንያ ዘጭ አሉ። ጫማውን ፔዳሉ ላይ እንደተቆለፈ ጥለው፣ በካልሲ ብቻ አጥሬን ገፍተው ገቡ።

ጉልበታቸው ይደማል። አጎንብሰው አዩኝ። ዳቦ ሻጯ «እንያያዝ» ብላ ስትሮጥ መጣች፤ አልጠበቋትም። ያ መርፌ ከነክሩ የከበዳቸው ሰው ቀስ ብለው ሁለት ክንዳቸው ላይ አነሡኝ። ወደ ሐኪም እንዲወስደኝ የወተት መኪናው ወደቆመበት ጥግ እስኪደርሱ ይንቀጠቀጣሉ፣ ላባቸው ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል።

አሞኝም ቢሆን ምላሴ አላረፈም። «ስንት ኪሎ ሆንኩ ክቡርነትዎ?»

«ሰው… አይመዘንም… አልኩ እኮ» አሉ እያለከለኩ።

አሁን የሚዞሩት ቦኖ የለም፤ ተይዘዋል። «እንግዲያ ያቺን ነገር ይጨርሷት» አልኳቸው። «እርስዎም ብቻዎን፣ እኔም ብቻዬን ብለው ነበር የሄዱት።»

ጆሯቸው ቀላ። «ቁርስ… አብረን ብንበላ… ልል ነበር።»

«ለዚች ሰባት ወር?»

«ንፋሱ ፊት ለፊት ነበር፣ እትዬ።»

ዳሌዬ ከዳነ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቁርስ አብረን በላን። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሳይክል ያላወሩበት ጠዋት አልነበረም፤ ልዋሽ አልችልም፣ አንዳንዴ ያ ቦኖ ናፍቆኛል፤ ቢያንስ በወዲያ በኩል ሲሆኑ ፋታ ነበረው። ከዚያ ዓይናቸው ደከመና ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እሁድ እሁድ ይደውላሉ። ልጃቸው ሰገነት ላይ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚነዳ ሳይክል ገዝታላቸዋለች፤ እሱም ላይ ዳገት አለ ይሉኛል። «እትዬ፣ በዓመት በዓል ሰሞን እኔ ወደዚያ…» ሲሉ ስልኩ ይቋረጣል። ብርጭቆዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ለምጄዋለሁ።

ክቡር ሚዛን አሁን የሚኖሩት ከተማ፣ ልጃቸው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሳይክሉ እኔ ጓዳ ተሰቅሏል።