መቶ በመቶ ጥጥ

ልብስ በሚሸጥበት አገር ሁሉ፣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘው የሻጩን ነፍስ የሚመረምሩ አንዲት ሴት አይጠፉም። ሻጩ ቆራቢ ይሁን ቀማኛ፣ ለእሳቸው ለውጥ የለውም፤ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። “ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር” የሚለውን ሌላው ሰው ለወግ ያህል ይተርተዋል፤ እሳቸው ግን ይኖሩበታል።

በማልታ፣ ሲጂዊ በምትባለው መንደር፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት ሲኞራ ቸታ ናቸው። ዋናው ተጠርጣሪ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ጥግ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሸጠው ዊስቲን ነበር።

ዊስቲን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሱቁን ከአባቱ ወርሷል፤ “ያድግበታል” የምትለውንም ቃል እንዲሁ። እጅጌው ጣት ሲሸፍን፣ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ዊስቲን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ “ያድግበታል” ይላል፤ እናቶችም ተንፍሰው ይገዛሉ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እንዲህ ሰላማዊ ሆኖ የሚውለው ሱቅ፣ የሲኞራ ቸታ ዱላ ደጃፉን ሲያንኳኳ ጸጥ ይላል።

ሲኞራ ቸታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሱሪ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ መኪኖቹ ተሸጡ፤ ጥርጣሬው ግን ከእሳቸው ጋር ቤት ገባ። ሱቅ ሲመጡ ሸሚዙን አንስተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ያሻሉ፤ በሌባ ጣት ሌባ መፈለግ ይሏል ይሄ ነው። ወደ መስኮቱ አቅንተው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ያያሉ። ገልብጠው ስፌቱን ይቆጥራሉ፣ ያሸታሉ። ዊስቲን ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሞ ይቆያል።

“ይሄ ምንድነው?”

“ጥጥ ነው፣ ሲኞራ። ይኸው ኮሌታው ሥር ተጽፏል።”

“ወረቀት ምን ይሉኝታ አለው!”

ይህችን ቃል ያልሰማች የመንደሩ ነፍስ የለችም። ዓሣ ነጋዴው በመኪናው እየዞረ “የዛሬ ጠዋት ነው!” ሲል፣ ሲኞራ ቸታ ከሰገነታቸው “ማን አየ?” ይሉታል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ቀን አያምኑም። አንድ ዓመት በቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል፣ የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው ከሚያልፉት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበርተኞች የአንደኛውን ካባ ጫፍ ከዳር ሆነው ያዝ አደረጉና፣ “ይሄን ነው እንግዲህ ሐር ነው ብላችሁ ያስዋጣችሁን?” አሉ። ድምፃቸው ከማርሽ ባንዱ በላይ ተሰማ። ከኋላ ክላሪኔት ይነፋ የነበረው ዊስቲን ሳቅና ትንፋሽ ተገጣጥመውበት አንድ ሙሉ መስመር ዘለለ። ያን ቀን ካባው የእሱ ሸቀጥ ስላልነበረ፣ ሲኞራዋ እጅግ ደስ የሚሉ ሴት መስለውት ነበር።

ባለፈው ዓመት መነኮሳቱ የሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት የበጋውን ሸሚዝ ለወጠ። ውሃ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር ሸሚዝ ነው። ዊስቲንም ከአዲስ አስመጪ በሣጥን በሣጥን አስገባ። ሲኞራ ቸታ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሴራፊናን ይዘው መጡ። ሸሚዙን በጡጫቸው ጨምድደው ያዙ፣ እስከ ሃያ ቆጠሩ፣ ለቀቁት። ሸሚዙ ምንም እንዳልደረሰበት ዘና ብሎ ተዘረጋ።

“አይጨማደድም?”

“አይጨማደድም፣ ሲኞራ! አዲስ ዓይነት ነው። መቶ በመቶ ጥጥ።”

“የማይጨማደድ ጥጥና የማይዋሽ ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም።”

ሱቁ ውስጥ የነበሩት እናቶች ፈገግ አሉ። ዊስቲን ፊቱ ቀላ። “ሲኞራ፣ አባቴ እዚህ ቤት አርባ ዓመት ሲሸጥ አንድ ሰው…”

“አባትህንም ጠርጥሬዋለሁ፤ ነፍሱን ይማር።”

ትምህርት ቤቱ ሌላ ሸሚዝ ስለማይቀበል ገዙ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞረው ሸሚዙን ሳይሆን ዊስቲንን አዩት፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ዊስቲን ያን አስተያየት ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሞት ሰነበተ። ‘እኚህ ሴት አንድ ነገር አስበዋል’ አለ በልቡ። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ የተነጋገረ ይይዘዋል።

ትምህርት ተከፈተ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽሎክ የሚሉት ሞቃትና እርጥብ የባሕር ነፋስ ነፈሰ። ሽሎክ ሲነፍስ ግድግዳው ያልበዋል፣ ዳቦው ይለሰልሳል፣ ሰው ከወንድሙ ጋር ይጣላል። ሴራፊና ከትምህርት ቤት አንዲት ደብዳቤ ይዛ መጣች። “ልጅቷ በክፍል ውስጥ አትረጋጋም፤ ትቁነጠነጣለች፤ ትምህርቷን መከታተል አልቻለችም። ሐኪም ቢያያት መልካም ነው” ይላል። እናቷ አነበበችና አለቀሰች፤ ለስፔሻሊስት ሐኪም ስልክ ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ሲኞራ ቸታ ደብዳቤውን አገላብጠው አዩና ጠረጴዛ ላይ ጣሉት፤ እሱም ወረቀት ነው። ልጅቷን ጠርተው ኮሌታዋን ገለጥ አደረጉ። አንገቷ ዙሪያውን በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

“ምን ሆነሽ ነው የማትቀመጪው፣ የኔ እመቤት?”

“ሸሚዙ ይበላኛል፣ ናና” አለች አያቷን።

“ታዲያ ለመምህርቷ አትነግሪም?”

“ሁሉንም ልጅ ይበላዋል። እነሱ ግን ጨዋ ናቸው፣ ይችሉታል።” ልጅቷ አቀረቀረች። “እኔ ነኝ ባለጌዋ።”

ሲኞራ ቸታ በማግስቱ ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ እያስቆሙ ኮሌታውን ገልጠው አንገቱን ያያሉ። አንዳንዱ ልጅ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሸሸ። ሮዛን የምትባል የሁለት ልጆች እናት በቀጥታ ወደ ዊስቲን ሱቅ ገሰገሰች።

“ዊስቲን! ያቺ ሴትዮ የልጄን አንገት እንደ በግ ስትመረምር ያዝኳት! ደግሞ ስላንተ ምን እንደምትል ብትሰማ…”

“አልሰማም!” አለ ዊስቲን እጁን እያወናጨፈ። “በእናትሽ አትንገሪኝ። የምትለውን አውቀዋለሁ።”

ሮዛን ልትቀጥል አፏን ከፍታ ነበር፤ ዊስቲን ግን ጀርባውን ሰጥቷት ሣጥን መደርደር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም ማለት ይቻላል። በሲኞራዋ ደጃፍ ሲያልፍ የስፌት መኪናቸው ሲንጫጫ ሰማ። በሚቀጥለውም ቀን ሰማ። በመዝጊያው ክፍተት አጮለቀ፤ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተከምሯል። ነገሩ ተገለጠለት። ‘አሃ! ሸሚዜን አስጠልተው የራሳቸውን ሊሸጡ ነው!’ በየቤቱ ያየው ዩኒፎርም ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራ መሰለው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሲኞራ ቸታ ክብሪትና የቡና ስኒ ማስቀመጫ ይዘው ገቡ።

“ክር ስጠኝ።”

“የምን ክር?”

“ከሸሚዝህ። ራስህ ከመደርደሪያህ ምዘዝልኝ። ከቤቴ ያመጣሁትን ብትጠረጥር አልፈርድብህም።”

ዊስቲን ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም። እንዲያውም ደስ አለው፤ የዓመታት ክሱ ዛሬ በአደባባይ ሊዘጋ ነው። ካልተከፈተ ሣጥን ሸሚዝ አወጣ፣ ከጫፉ ክር መዘዘ፣ ራሱ ክብሪት ጫረ። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ነድዶ፣ በጣት ሲነኩት የሚበን ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ይህን ከአባቱ ተምሯል። ክሩ ግን አልነደደም። ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ። ሱቁን የተቃጠለ ፌስታል ሽታ ሞላው።

ዊስቲን ሌላ ሣጥን ከፈተ። ሌላ ዶቃ። ከታች፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ሦስተኛ ዶቃ። ሦስቱን እያየ ቆመ። ስልሳ ሦስት ልጅ ነበር ያለበሰው። ለእናቶቻቸው ሁሉ በገዛ አፉ “ጥጥ ነው” ብሏል፤ ሁሉም እሱን አምነው ልጆቻቸውን በሽሎክ ላስቲክ አልብሰው ልከዋል።

“ሲኞራ፣” አለ። “እኔ አላወቅኩም።”

“አውቃለሁ።”

“ምኑን?”

“እንዳላወቅክ።”

ሮዛን ከኋላ ሆና፣ “እሱን ነበር እኮ ልነግርህ የመጣሁት!” አለች። “አንተ መች አስጨረስከኝ! እሳቸው ኮሌታ በገለጡ ቁጥር ለእናቱ ሁሉ ‘ዊስቲን ሞኝ ነው እንጂ ሌባ አይደለም’ ሲሉ ነበር። እኔ ደግሞ ሞኝ ማለታቸው አናዶኝ ነው።”

ዓሣ ነጋዴውን፣ መድኃኒት ቤቱንና የካባውን ሐር ያላመኑ ሴት ለእሱ መመስከራቸው ዊስቲንን ከሦስቱ ዶቃዎች የበለጠ መታው። ማጮለቁን አስታውሶ ጆሮው ድረስ ጋለ።

አስመጪው ሲደወልለት “ጥጥ ነው ይላል፤ የተጻፈውን አንብብ” ብሎ ዘጋ። ዊስቲን የሱቁ በር ላይ በትልቅ ፊደል “የሸጥኩላችሁ ሸሚዝ ጥጥ አይደለም። መልሱልኝ” ብሎ ለጠፈ። ሲኞራ ቸታ ደግሞ ሦስቱን ዶቃዎች በመሐረብ ቋጥረው ወደ ዋናዋ መነኩሲት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፤ መነኩሲቷ ግን በዚያው ሳምንት አሮጌው ሸሚዝ ያለው አሮጌውን እንዲለብስ ፈቀዱ።

አሮጌው ለጠበባቸው ልጆች ነበር ያ የነጭ ጨርቅ ክምር። ሲኞራ ቸታ ለአርባ ዓመት የታጠቡ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሱ የጥጥ አንሶላዎቻቸውን ቀደው ለአዲሱ ሸሚዝ ኮሌታና ትከሻ ገበር ያዘጋጁ ነበር። ዊስቲን የእናቱን አንሶላዎች ጨመረበት። ከሰዓት በኋላ ሱቁን እየዘጋ ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ እሱ የሸሚዙን ስፌት ይፈታል፣ እሳቸው ገበሩን ይሰፋሉ።

“ቀስ በል! ጨርቅ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም የምትበልተው።”

“እሺ፣ ሲኞራ።”

“ክላሪኔትህንም እንዲሁ ነው የምትነፋው።”

ሴራፊና ገበር የገባለትን ሸሚዝ ለብሳ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ደብዳቤ አልላከችም፤ በሳምንቱም አልላከችም። እናቷ ለሐኪሙ ደውላ ቀጠሮውን ሰረዘች።

ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባ የሲኞራ ቸታ ዱላ የሱቁን ደጃፍ አላንኳኳም። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ዊስቲን ሦስት ቀን በሩን በሩን አየ። በአራተኛው ቀን ከሌላ አስመጪ የመጡትን ነጭና ሰማያዊ የሸሚዝ ናሙናዎች በከረጢት ይዞ፣ ፓስቲጺ የሚሉትን ትኩስ የአይብ ሳምቡሳም ጨምሮ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሲኞራ ቸታ አልጋው ውስጥ ትንሽ ሆነዋል። “ፓስቲጺው የማን ነው?” አሉ፤ ነግሯቸው ካጣሩ በኋላ በሉ። ዊስቲን ናሙናዎቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋቸው።

“ይዳብሱልኝ፣ ሲኞራ። ነገ ማዘዝ አለብኝ።”

እጃቸውን አላነሱም። “አንተ ዳብሰኸዋል?”

“ዳብሻለሁ።”

“አቃጥለኸዋል?”

“አቃጥያለሁ።”

“እንግዲያው እኔን ምን ታደክመኛለህ? እዘዝ።” ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዊስቲን ናሙናዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ይህን ቃል ከእኚህ ሴት አፍ ለመስማት አባቱም እሱም ዕድሜያቸውን ጠብቀዋል። ቀጥ ብሎ ወደ አውቶቡስ መሄድ ነበረበት፤ እግሩ ግን ኮሪደሩ መሃል ላይ እምቢ አለው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ከረጢቱን ፈታ። አንዱን አሸው፣ ወደ መስኮቱ አቀና፣ ሌላውን አወጣ፣ ስፌቱን ገልብጦ ዓይኑ ሥር አስጠጋ። ላብ አጠመቀው።

በዚያ የምታልፍ ነርስ ቆመች። “ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? መጥፎ ነገር ነገሩዎት እንዴ?”

“አመኑኝ!” አለ ዊስቲን።

“ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?”

“ያቃጠልኩት ነጩን ነዋ! ሰማያዊውን ገና አላቃጠልኩትም።”